በልዩ መንገድ ማደግና መሞት አንድ አይደሉም፦ ስለ ሃንቲንግተን በሽታና ስለ ልጆች አንጎል ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሃንቲንግተን በሽታ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። በዘር ስለሚተላለፉ የነርቭ በሽታዎች በቋንቋችን የሚነበብ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊው ብዕራቸውን ማንሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተመሠረተበትን ጥናት አዛብቶ አቅርቧል፤ በዚህ መነሻ ላይ ተንተርሶም ወላጆችን ወደማይመለስ ውሳኔ የሚገፋ ምክር ሰጥቷል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የበሽታውን ዘረ መል የወረሱ ልጆችን አንጎል የአካል ውስጥ ምስል በሚያነሣው በኤምአርአይ መሣሪያ አይተው ለውጥ ስላገኙ የእነዚህ ልጆች አንጎል ገና ከሕፃንነታቸው «እየሞተ» ነው፤ በትምህርታቸውም ወደ ኋላ መቅረታቸው አይቀርም፤ ጎጂው ፕሮቲን በልጅነታቸው ከአንጎላቸው ቢወገድ ይድናሉ፤ በሽታው ከአባት የሚወረስ የነጮች በሽታ ነው፤ በቤተሰቡ በሽታው ያለበት ወላጅም ልጁን አሥር ዓመት ሳይሞላው ቢያስመረምር ይበጀዋል። እነዚህን ነጥቦች በየተራ አያቸዋለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ ሃንቲንግቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረ መል አለ፤ በዚህ ዘረ መል መጀመሪያ አካባቢ ሲ፣ ኤ እና ጂ ተብለው የሚጠሩ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት በተከታታይ ይደጋገማሉ፤ ድግግሞሹ ከልክ በላይ ሲረዝም ፕሮቲኑም ረዝሞ ጎጂ ይሆናል። ድግግሞሹ 26 እና ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ከ27 እስከ 35 ያለው ባለቤቱን ባያሳምምም ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሊረዝም ይችላል፤ ከ36 እስከ 39 ያለው በሽታውን ሊያመጣም ላያመጣም ይችላል፤ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ግን ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም። ያለ ፈቃድ የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የጠባይ መለወጥና የማሰብ ችሎታ መዳከም የበሽታው ዋና ዋና መገለጫዎች ሲሆኑ፣ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ውስጥ ጀምረው ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛውን ለሞት ያደርሱታል። ስሙን ለበሽታው የሰጠው ሐኪም ጆርጅ ሃንቲንግተን በ1872 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከኒውዮርክ አቅራቢያ በምትገኘው በሎንግ አይላንድ አባቱና አያቱ ለብዙ ዓመታት ያከሟቸውን ቤተሰቦች ታሪክ መሠረት አድርጎ በጻፈው ዘገባ፣ በሽታው የአዋቂዎች መሆኑን ከዋነኛ ባሕርያቱ እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ይህ አስተያየት ከመቶ ዓመት በላይ ስለጸና የልጆቹን አንጎል የሚመረምር ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። የአዮዋው ጥናት ትልቅ ዋጋ ያለውም ይህን ክፍተት ለመሙላት በመነሣቱ ነው።

ወደ መጀመሪያውና ወደ ዋነኛው ነጥብ ልግባ። ጸሐፊው «እየሞተ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጡት ከጥናቱ ውስጥ ማግኘት አይቻልም። በ2019 በኒውሮሎጂ መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 18 የሆኑ፣ ወላጃቸው ወይም አያታቸው በሃንቲንግተን የታመመባቸውን ልጆች ያካተተ ሲሆን ከእነርሱ መካከል 75ቱ የረዘመውን ዘረ መል የወረሱ፣ 97ቱ ደግሞ ያልወረሱ ነበሩ። የወረሱት ልጆች የሕመም ምልክት ይታይባቸዋል ተብሎ ከሚገመትበት ጊዜ በአማካይ 35 ዓመት ይርቁ ነበር። የተገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው። በአንጎል መካከል የሚገኘው፣ እንቅስቃሴንና ልማድን የሚያስተባብረው፣ በአዋቂዎች ሃንቲንግተንም ቀድሞ የሚጎዳው ስትራያተም የተባለው ክፍል በትናንሾቹ የዘረ መሉ ወራሾች ላይ ካልወረሱት እኩዮቻቸው ይልቅ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው እየጨመረ ሲሄድ መጠኑ ካልወረሱት በፈጠነ ሁኔታ ቀነሰ። በአቅራቢያው ባለው ግሎበስ ፓሊደስ በተባለው ክፍል ላይ ተመሳሳይ አዝማሚያ ሲታይ በሌሎቹ ዋና ዋና የአንጎል ክፍሎች ላይ ግን አልታየም።

እንግዲህ ከልኩ በላይ አድጎ የተገኘን ክፍል «እየሞተ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? ጸሐፊው መቀነሱን ብቻ መዝዘው ማደጉን ትተውታል፤ የግኝቱ እምብርት ግን ማደጉ ነው። መቀነሱም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በጉርምስና ወቅት የማንኛውም ጤናማ ልጅ አንጎል የማያስፈልጉትን የነርቭ ግንኙነቶች እየገረዘ ስለሚሄድ በርካታ የአንጎል ክፍሎች መጠናቸው ይቀንሳል፤ ይህ የመብሰል እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። በዘረ መሉ ወራሾች ላይ የታየው ልዩነት ይህ ሂደት የሚነሣበት ከፍታና የሚጓዝበት ፍጥነት መለየቱ ነው። ኤምአርአይ የሚለካው ደግሞ መጠንን ነው፤ ሴል ሲሞት አያሳይም። ፍጥነቱ ምንም አያሳስብም አልልም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የበሽታው መንገድ ከተለመደው በተለየ የአንጎል እድገት ሊጀምር እንደሚችል ደምድመዋል፤ ይህም ከባድ አነጋገር ነው። በልዩ መንገድ ማደግና ያደገው መጥፋቱ ግን በምክንያትም፣ በጊዜም፣ በሚያስፈልገው ሕክምናም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡት፣ ወላጆች ግን ሊያውቁት የሚገባ የአሠራር ጉዳይ አለ። በጥናቱ የተካተተ ልጅ ሁሉ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ክትትል የተደረገለት አይደለም። ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ልጆች፣ ከፊሎቹም ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ተቀርጸው የእድገቱ መሥመር በስታቲስቲክስ ተገጣጥሟል። ስለዚህ መሥመሩ የብዙ ልጆች አማካይ እንጂ የአንድ ልጅ ዕጣ አይደለም። በዚህ ላይ ልጅን በኤምአርአይ መቅረጽ ቀላል ሥራ አይደለም። ልጁ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በስፖንጅ ተደግፎ፣ በሚንኳኳና በሚጮኽ ጠባብ መሣሪያ ውስጥ ለብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት፤ ጥቂት ሲነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘ ምስል ደግሞ የአንጎሉን ግራጫ ክፍል ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ የማሳየት ጠባይ አለው። አንድ ወላጅ ልጁን በኤምአርአይ አስቀርጾ «ስትራያተሙ አንሷል ወይስ ተልቋል» ብሎ የሚያነበው ነገር እንደሌለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የድግግሞሹ ቁጥርም ልጆቹን ይለያያቸዋል፤ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ከ50 በላይ ድግግሞሽ በነበራቸው ላይ ነበር። በአዋቂነታቸው የሚታመሙት አብዛኞቹ ሰዎች ያላቸው ከ40 እስከ 50 መካከል ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል አያስኬድም።

በሁለቱም በኩል ያለውን ማስረጃ መደበቅ አይገባም። በፈረንሳይ ግሬኖብል ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ዘረ መሉን የወረሱ የ13 ሳምንት ጽንሶችን አንጎል መርምረው፣ የነርቭ ሴሎች በሚፈልቁበት ንብርብር ውስጥ የሴሎቹ አከፋፈል ከጤናማው የተለየ መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህ የአዮዋዎቹን ሐሳብ ይደግፋል። በሌላ በኩል በ2025 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣውና በቦስተን አካባቢ ያሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት፣ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የለገሱትን አንጎል ሴል በሴል መርምሮ፣ በስትራያተም የነርቭ ሴሎች ውስጥ ድግግሞሹ በሰውየው የሕይወት ዘመን ቀስ በቀስ እየረዘመ እንደሚሄድና ሴሉ በግልጽ የሚታወከው ድግግሞሹ 150 ገደማን ሲያልፍ መሆኑን አግኝቷል። በዚህ ጥናት መሠረት የተወረሰው ዘረ መል በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያን ያህል ጉዳት ሳያደርስ ይቆያል። ሁለቱ ሐሳቦች እንዴት እንደሚታረቁ ሳይንሱ ገና እየተከራከረበት ነው፤ የእኔ ግምት ሁለቱም የእውነቱን ከፊል የያዙ መሆናቸው ነው። በየትኛውም በኩል ቢታይ ግን «የስምንት ዓመቱ ልጅ አንጎል እየሞተ ነው» የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ የልጆቹን ትምህርት የሚመለከት ነው። ጸሐፊው ከሃንቲንግተን ቤተሰቦች የሚመጡ ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ማለቱንና ድብርት እንደሚታይባቸው ጠቅሰው ይህን የአንጎል ጉዳት ማስረጃ ያደርጉታል። እዚህ ላይ ያሳዘነኝ ነገር አለ፤ የእነዚህ ልጆች ቤት ምን እንደሚመስል ያላሰበ አስተያየት ነውና። እናቱ ማንኪያ ወደ አፏ ለማድረስ ስትቸገር የሚያያት፣ ጠባይዋ ሲለወጥ እርሱ የበደለ የሚመስለው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናናሾቹን አብልቶ እርሷንም የሚደግፍ ልጅ፣ ዘረ መሉን ወረሰም አልወረሰም፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ቢያድር አይገርምም። የአዮዋዎቹ ጥናት ጥንካሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የወረሱትን ልጆች ያነጻጸሩት በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ካደጉ፣ ነገር ግን ዘረ መሉ ካልደረሳቸው ልጆች ጋር ነው። የዘረ መል ውጤቱ ለልጁም ሆነ ለወላጁ ሳይነገር በስውር ስለተያዘ፣ የማወቅ ጭንቀትም የንጽጽሩን ሚዛን አላዛባውም። የቤቱ ሸክም ለሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ፣ ሸክሙ ያመጣውን የትምህርት ድክመት በዘረ መሉ ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ስለ ማሰብ ችሎታ የተገኘው ውጤትም የጸሐፊውን ድምዳሜ አይደግፍም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ምልክት ይጀምራቸዋል ተብሎ ከሚገመትበት ጊዜ 24 ዓመት ገደማ የሚርቁ 64 ወጣት የዘረ መሉ ባለቤቶችን ዘረ መሉ ከሌላቸው 67 ሰዎች ጋር አነጻጽረው፣ በማሰብ ችሎታም ሆነ በአእምሮ ጤና ረገድ ትርጉም ያለው ድክመት አላገኙባቸውም። በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የነርቭ ጉዳትን የሚጠቁም ፕሮቲን በከፊሎቹ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በሃያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ያሉ እንጂ ልጆች አይደሉም። የአዮዋው ቡድንም በሌላ ሥራው በወራሾቹ ላይ በስትራያተምና ከኋላ ባለው በትንሹ አንጎል መካከል ያለው ትስስር በልጅነት ከተለመደው የጠነከረ መሆኑን አግኝቶ፣ ይህ ምናልባት አንጎል ልዩነቱን የሚያካክስበት መንገድ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። አንጎሉ በሌላ መንገድ ተደራጅቶ ሥራውን የሚሠራን ልጅ ሰነፍ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መፈረጅ ልጁን የሚጎዳ ነው፤ መምህርም ወላጅም ከልጅ የሚጠብቁትን ዝቅ ሲያደርጉ ልጁም በዚያው ዝቅ ባለ ግምት ልክ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚለዩ ልጆች አሉ። ከሕመምተኞች ሁሉ ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ወይም በሃያ ዓመታቸው ምልክት ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ከ60 በላይ ድግግሞሽ አላቸው። እነርሱ ላይ የሚታየው እንደ አዋቂዎቹ የሰውነት መወራጨት ሳይሆን በአብዛኛው መገተር፣ የአነጋገር መጎተት፣ በትናንሾቹ ላይ የሚጥል በሽታ፣ እንዲሁም ቀድሞ የሚችሉትን የትምህርት ሥራ እያቃታቸው መሄድ ነው። እነዚህ ልጆች ታመዋል፤ ሐኪም ሊያያቸው፣ ምርመራም ሊደረግላቸው ይገባል። ጽሑፉ እነርሱንና ምንም ምልክት የሌላቸውን ልጆች በአንድነት «የሃንቲንግተን ልጆች» ብሎ መጥራቱ ሁለቱንም ወገን ይበድላል።

ሦስተኛው ነጥብ ጎጂው ፕሮቲን በልጅነት ቢወገድ ይሻላል የሚለው ነው። ሃንቲንግቲን የተባለው ፕሮቲን ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በ1995 በተለያዩ ቡድኖች የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ዘረ መሉ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች ተፈጥረው ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ፤ በሰውም ቢሆን ከእናትም ከአባትም የደረሳቸው ቅጂ የተዳከመባቸው ልጆች ከባድ የእድገት መታወክ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ ይህን ፕሮቲን መቀነስ ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘን የሚጠይቅ ነው፤ የአዮዋው ጥናት አዘጋጆችም ዘረ መሉን ጸጥ የሚያሰኝ፣ ማለትም ፕሮቲኑን እንዳያሠራ የሚገታ ሕክምና ለመከላከያነት ሲታሰብ ጤናማውን የአንጎል እድገት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጽፈዋል። ጸሐፊው የጥናቱን ውጤት ጠቅሰው ይህን ማስጠንቀቂያ መተዋቸው አስገርሞኛል። በአዋቂዎች ላይ የደረሰውም ትምህርት ይሰጣል፤ ጤናማውንም የረዘመውንም ፕሮቲን በአንድነት የሚቀንሰው ቶሚነርሰን የተባለው መድኃኒት ሰፊ ሙከራ በመጋቢት 2021 እንዲቋረጥ የተደረገ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ የወሰዱት ሕመምተኞች ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው ይልቅ የከፋ አዝማሚያ አሳይተው ነበር። ሌሎች ሕክምናዎች በአዋቂዎች ላይ እየተሞከሩ ናቸው፤ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ምልክት ለሌለው ልጅ የተፈቀደ፣ በሽታውን የሚከላከል ሕክምና ግን ዛሬ የለም፤ ያለ የሚመስል አጻጻፍም ለተጨነቀ ወላጅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በሽታው ከአባት ብቻ ይወረሳል የሚለው ባጭሩ ስሕተት ነው። እናትም አባትም እኩል ያስተላልፋሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው። ለስሕተቱ መነሻ የሆነው ነገር ምናልባት ድግግሞሹ በወንድ ዘር ውስጥ ይበልጥ የመርዘም ጠባይ ስላለው፣ በልጅነታቸው የሚታመሙት አብዛኞቹ ዘረ መሉ ከአባታቸው የደረሳቸው መሆኑ ነው።

የነጮች በሽታ ነው የሚለውም እንዲሁ መታረም አለበት። በሽታው ዘራቸው ከአውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘረ መሉ የተገኘው በ1993 ሲሆን ለዚህ ዋነኛውን አስተዋጽኦ ያደረጉት በቬኔዙዌላ በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች ናቸው፤ በሽታው በአፍሪካም ይገኛል። እንዲያውም በመልኩ ከሃንቲንግተን ጋር የሚመሳሰል፣ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ ሌላ ዘረ መል የሚመጣና ከሞላ ጎደል አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ የታየ ሕመም አለ። ይህን ማንሣቴ ለአንባቢዎቻችን ስለሚጠቅም ነው፤ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው «ይህ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሐኪም ከመጠየቅ እንዳይዘገይ፣ የመጀመሪያው የዘረ መል ምርመራ ነጻ ነህ ቢለውም ምልክቶቹ ከቀጠሉ ሌላም ነገር ሊኖር እንደሚችል እንዲያውቅ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ልጅን አሥር ዓመት ሳይሞላው ማስመርመር። የዓለም አቀፉ የሃንቲንግተን ማኅበርና የዓለም ኒውሮሎጂ ፌዴሬሽን በ1994 ባወጡት መመሪያ፣ ምልክት ያልታየበት ሰው ለወደፊቱ ለማወቅ የሚያደርገው ምርመራ አካለ መጠን ለደረሰ ሰው፣ በራሱ ፈቃድና በቂ የምክር አገልግሎት ካገኘ በኋላ እንዲሆን ተወስኗል፤ ከዚያ በኋላ የተሻሻለውም መመሪያ ይህን አልለወጠም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውጤቱ አንድ ጊዜ ከታወቀ መልሶ አለማወቅ አይቻልም፤ ለልጁ ዛሬ የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ ያወቁት ወላጆቹም ለልጁ የሚኖራቸው ዐይን ሊለወጥ ይችላል። አንዱ ወንድም «አለበት» ሌላው «የለበትም» በተባለበት ቤት የሚፈጠረውን ማሰብ አያዳግትም። ዕድሜያቸው ደርሶ የመምረጥ መብት ካላቸው ሰዎች መካከል እንኳ አብዛኞቹ ላለመመርመር እንደሚመርጡ ይታወቃል፤ ልጅን አስቀድሞ ማስመርመር ይህን ምርጫ ከእጁ መንጠቅ ነው። የአዮዋ ተመራማሪዎች ውጤቱን ለማንም ሳይናገሩ ማጥናታቸውም ልጆቹ ይህ መብታቸው ተጠብቆ ለሳይንስ እንዲያገለግሉ ያስቻለ አሠራር ነው፤ ጸሐፊው ከዚያው ጥናት ተነሥተው ተቃራኒውን መምከራቸው አግባብ አልነበረም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በ2008 የወጣው በዘረ መል መረጃ የሚደረግ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው በጤና መድንና በሥራ ቅጥር ረገድ ነው፤ የሕይወት መድንን፣ የአካል ጉዳት መድንንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን አይሸፍንም። በአሥር ዓመቱ በሕክምና መዝገቡ ላይ የተጻፈ ውጤት ልጁ አድጎ ቤተሰብ ሲመሠርትና መድን ሲጠይቅ ሊከተለው ይችላል።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። «እየሞተ» የሚለውን «በተለየ መንገድ እያደገ» በሚል እንዲያርሙት፣ ልጆችን ስለ ማስመርመር የጻፉትን አንቀጽም እንዲያነሡትና በምትኩ ምልክት የሌለው ልጅ ያለው ወላጅ የዘረ መል አማካሪን እንዲያነጋግር፣ ምልክት የታየበት ልጅ ያለው ደግሞ ሳይዘገይ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ እንዲጽፉ።